ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ውስጥ የትኛው ዘርፍ? መልሱን በአዳማ ዙሪያ እንፈልገው

አዳማ የመጣ ሰው ኮረብታው ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ የንፋስ ተርባይኖች ሳያይ አይመለስም። እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ አንዱን ተርባይን እዚያ አቁሞ ለማሠራት ስንት ዓይነት ሜካኒካል ኢንጂነር ያስፈልጋል?

ጥያቄው ለጨዋታ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የመጀመሪያውን ዓመት ስትጨርሱ የትምህርት ክፍል ምርጫ ትሞላላችሁ። የምትሞሉት በደቂቃዎች ነው፤ የምትኖሩት ግን ለዓመታት ነው። እኔ ሜካኒካልን ያስቀደምኩት አጎቴ ጋራዥ ስላለው ነበር። ሜካኒካል ማለት መኪና መጠገን ይመስለኝ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው የምወደው ሞተር መፍታት ሳይሆን ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ማስላት መሆኑን ያወቅኩት። እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል።

በከተማው ትምህርቱን የሚሰጠው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ጀመረ፤ በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2011 ነው። ሜካኒካል እዚያ ከኬሚካልና ከማቴሪያል ኢንጂነሪንግ ጋር በአንድ ጥላ ሥር ነው። ባለፉት ዓመታት በዚሁ ሥር «ሜካኒካል ዲዛይንና ማኑፋክቸሪንግ»፣ «ሜካኒካል ሲስተምና ተሽከርካሪ»፣ «ቴርማልና ኤሮስፔስ» የሚሉ ክፍሎች ነበሩ። ሥርዓተ ትምህርት ሲቀየር ስሞቹም ይቀያየራሉ። ከስሞቹ ጀርባ ያሉት ጥያቄዎች ግን ያው ናቸው። አራቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

ዲዛይን፦ «ምን ዓይነት ቅርጽ ይኑረው?»

ወደ ተርባይኖቹ እንመለስ። አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች አሉት፣ 51 ሜጋ ዋት። አዳማ ሁለት ደግሞ 102፣ 153 ሜጋ ዋት። አካፍሉት፦ በሁለቱም እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት ነው። ከሩቅ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም፤ ውስጣቸው ግን ይለያያል። ክንፎቹ በደቂቃ 20 ዙር እንኳን አይሞሉም፣ የተለመደው ጄኔሬተር ግን በደቂቃ ከሺህ ዙር በላይ ይፈልጋል። አዳማ ሁለት ላይ ይህን ክፍተት የሚሞላው ካምቢዮ ነው። የአዳማ አንድ ተርባይኖች ካምቢዮ የላቸውም፤ ቀስ ብሎ እየዞረ የሚያመነጭ ትልቅ ጄኔሬተር በቀጥታ ከክንፎቹ ጋር ተያይዟል። ካምቢዮ ያለው ጄኔሬተሩ ትንሽ ይሆናል፣ ግን ዘይት፣ ጥርስና ኩሽኔታ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ለአንድ ችግር ሁለት መልስ ማለት ነው። ዲዛይን የሚባለው ይሄ ነው፤ የምታገኙትንና የምታጡትን እየመዘናችሁ መምረጥ።

ቴርማል፦ «ኃይሉ ከየት መጥቶ የት ይሄዳል?»

ከአዳማ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ፣ ዝዋይን (ባቱን) አልፋችሁ ወደ ላንጋኖ ስትሄዱ አሉቶ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። እዚያ ከመሬት በታች በእንፋሎት የሚሠራው የአሉቶ ላንጋኖ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ ሲጀምር 7 ሜጋ ዋት ገደማ እንዲያመነጭ ታስቦ ነበር። በቴክኒክ ችግር ምክንያት ቆሞ የከረመባቸው ዓመታትም አሉ።

ሙቀት እያለ ለምን ሁሉንም ኤሌክትሪክ አናደርገውም? ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ አይፈቅድማ! እንፋሎቱ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የውጭው አየር 27 ዲግሪ ቢሆን በኬልቪን 473 እና 300 ይሆናሉ። 300ን ለ473 አካፍላችሁ ከ1 ቀንሱ፤ 0.37 ገደማ ይመጣል። ምንም የማይባክንበት ማሽን ቢሠራ እንኳን ከሙቀቱ ከ37 በመቶ በላይ አይሰጥም። እውነተኛው ማሽን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የቴርማል ሰው ዕድሜውን የሚያሳልፈው ይህን ክፍተት ለማጥበብ እየታገለ ነው።

ማኑፋክቸሪንግ፦ «እንዴት እንሥራው?»

አዳማ አጠገብ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዶች ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ጀመረ። ሸንኮራ የሚጨምቁት ከባድ የብረት ጥቅሎች ሁልጊዜ ከአሸዋና ከአገዳ ጋር ይፋተጋሉ፣ ስለዚህ ያልቃሉ። ያለቀውን በብየዳ እንሙላው? ቶርኖ ላይ እንከርክመው? ወይስ አዲስ እናስቀልጥ? መልሱ ስለ ብረቱ ባሕርይ፣ ስለ ወጪና ስለ ጊዜ ማወቅ ይጠይቃል። «ይህ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ፋብሪካው ይቁም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚያበሳጫችሁ ከሆነ ቦታችሁ እዚህ ሊሆን ይችላል።

ተሽከርካሪ፦ «ሲንቀሳቀስ ምን ይሆናል?»

ባጃጅ ለምን ኩርባ ላይ ይገለበጣል? ሦስቱ ጎማዎች መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ጠባቡ ጫፍ ከፊት ነው። ሹፌሩ እየታጠፈ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ጎን ይገፋል፤ ልክ ሦስት ማዕዘኑ ወደሚጠብበት። ክብደቱ ከሦስት ማዕዘኑ ጠርዝ ካለፈ ባጃጁ ይወድቃል። ባቡርም አውቶቡስም የሚጠኑት በዚሁ ዓይነት ሒሳብ ነው።

ታዲያ እንዴት ልምረጥ?

መጀመሪያ ተረጋጉ። አገራችን ውስጥ የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ሒሳብ፣ መካኒክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስና የማቴሪያል ትምህርት ለሁሉም የሜካኒካል ተማሪ መሠረት ናቸው። ወደ አንዱ ዘርፍ ማዘንበል የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው፤ በመሃል ፋብሪካ ወይም ድርጅት ገብታችሁ የምትሠሩበት የኢንተርንሺፕ ጊዜም አለ። ያን ጊዜ በዋዛ አታሳልፉት። ዘርፉን የምትፈትኑት እዚያ ነው።

«ሴት ልጅ ሜካኒካል አይከብዳትም?» የሚል ካጋጠማችሁ፣ ከላይ ካነሳናቸው አራት ጥያቄዎች ውስጥ በጡንቻ የሚመለሰው የትኛው እንደሆነ ጠይቁት። ከባዱን ለማንሳት ክሬን አለ።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የንፋስ ተርባይን ኃይል ከአየሩ ክብደት ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከጠረፍ አየር 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። በሌላ በኩል የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ አስቡ፦ ለጠረፍ የተሠራ ተርባይን አዳማ ላይ ብናቆም ምን እንቀይራለን? ክንፉን እናስረዝም? ነፋሻ ኮረብታ እንፈልግ? ወይስ ማሽኑ በሳሳ አየር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ እንጨነቅ? መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የመጣውን ጥያቄ ጻፉት። የምርጫ ቀን ሲደርስ፣ ጓደኛችሁ ምን እንደሞላ ከማየታችሁ በፊት ያቺን ወረቀት አውጥታችሁ አንብቧት።