ማሰሪያ አንቀጹን የሚያውቅ የሐሳብ ካርታ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። የፓርኩ መግቢያ በሆነችው በደባርቅ ከተማ የሚኖር ተማሪ «አደጋው ምን ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ባንድ ዐረፍተ ነገር አያልቅም። ከብት ሣሩን ይግጣል። ሣሩ ሲመናመን ዋሊያና ጭላዳ መኖ ያጥራቸዋል። እርሻ ሽቅብ ሲገፋ ደኑ ይሳሳል፤ የመንደር ውሻ ደግሞ ለቀይ ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ከተማዋም የዚህ ታሪክ አካል ሆናለች። ደብተር ላይ ይህ ሁሉ ተራ በተራ ይጻፋል። በሥዕል ከተቀመጠ ግን ብዙው መስመር «ሣር» ላይ ሲገናኝ ወዲያው ይታያል።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 የደረሱበትም ይኸው ነበር። የሕፃናት የሳይንስ ግንዛቤ በዓመታት ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ ሲከታተሉ የቃለ መጠይቁ ጽሑፍ በዛባቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጽንሰ ሐሳብ በሣጥን ጽፈው ሣጥኖቹን በመስመር አገናኙ፤ በመስመሩም ላይ የሚያያይዛቸውን ቃል አሰፈሩ።

እንዲህ ያለውን የሐሳብ ካርታ የሚሠራ ሶፍትዌር መረጃውን ለመያዝ የሚያስፈልጉት ሁለት ሠንጠረዦች ብቻ ናቸው። አንደኛው የሐሳቦቹን መለያ ቁጥር፣ ጽሑፍና ቦታ ይይዛል፤ ሁለተኛው የትኛው ሐሳብ ከየትኛው ጋር በምን ቃል እንደተያያዘ። ፍሪማይንድን የመሰሉ ታዋቂ መሣሪያዎች ሐሳብን እንደ ዛፍ ከአንድ ግንድ ስለሚያወጡ፣ ብዙ ምክንያት ላለው እንደ ሣሩ ላለ ነገር አይበቁም።

ችግሩ አማርኛ ላይ ሲደረስ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ግሡ መሐል ስለሚቆም መስመር ላይ ቢጻፍ ንባቡ አይሰበርም። የእኛ ተማሪ ግን «ጭላዳ» ከሚለው ሣጥን ተነሥቶ በመስመሩ ሲሄድ «ጭላዳ ይበላል ሣር» ብሎ ሊያነብ ነው። የመሣሪያውን ምናሌ ወደ አማርኛ መመለስ ይህን አይፈታም። መፍትሔው ከሰዋስው ትምህርት የሚታወቅ ነው፦ መሣሪያው ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ የሚሞሉባቸውን ሦስት ቦታዎች በዚሁ ቅደም ተከተል ያቅርብ። ሥዕሉን ራሱ ይሣል፤ መስመሩ ሲነካ «ጭላዳ ሣር ይበላል» የሚለውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያሳይ።

ሌላው ጣጣ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዱ ተማሪ «ሣር»፣ ሌላው «ሳር» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒውተሩ ሁለት ሣጥን ይከፍታል፤ የመስመሮቹ መገናኛም ለሁለት ይከፈላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ስላገኘ፣ ለማሽኑ ሣ እና ሳ ባዕዳን ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲያወዳድር ብቻ ሠን እንደ ሰ፣ ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ ይቁጠር። በራሱ ሥልጣን ግን አያዋህድ፤ «ሠረቀ» ፀሐይ ሲወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ሲወስድ ነውና «እነዚህ አንድ ናቸው?» ብሎ ጸሐፊውን ይጠይቅ።

ሣጥኖቹ እንዳይደራረቡ ለማድረግ ፒተር ኢድስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ሐሳቦቹ በሞላ እንደተያያዙ የብረት ቀለበቶች ይታሰባሉ፤ የተገናኙት ይሳሳባሉ፣ ያልተገናኙት ይገፋፋሉ፣ ኃይሉ ሲመጣጠን ሥዕሉ ይረጋል። ሃያ ሐሳብ ሲኖር የሚሰሉት ጥንዶች 190፣ መቶ ሲሆን 4,950 ናቸው። ይህን ተራ የእጅ ስልክም ያለ ኢንተርኔት ይወጣዋል።

መሣሪያው ከትምህርት ቤት ውጭም ሥራ አለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል፤ እዚያ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ከመጠጥ ውኃ ወደ ተቅማጥ፣ ከተቅማጥ ወደ ሕፃን ክብደት የሚሄደውን መንገድ በአማርኛ ስሎ ከቤተሰብ ጋር ሊወያይበት ይችላል። ፕሮግራም መጻፍ የጀመራችሁ የደባርቅና የዳባት ወጣቶች፣ ይህ ሥራ ከአቅማችሁ በላይ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ካርታ በሣሩ ጀምሩት።