የማጨጃን ስፋት ከትራክተር ጉልበትና ከአገር ከፍታ ጋራ ስለ ማስማማት

በትራክተር እየተሳበ በሚሽከረከር ስለት ሣርንና ቁጥቋጦን የሚቈርጠው ማጨጃ የግጦሽን መሬት ለማጽዳትና የመንገድን ዳር ለመክፈት እጅግ የሚጠቅም መሣሪያ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው «ሰፊው ሥራ ያፋጥናል» ብሎ ትራክተሩ የማይችለውን ይገዛል፤ ከዚህም የተነሣ ሞተሩ ይጨነቃል፤ ሣሩም ሳይቈረጥ ተቦጫጭቆ ይቀራል፤ የወጣውም ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል።

ማጨጃውን የሚያዞረው በትራክተሩ ኋላ ያለው የኃይል ዘንግ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ በዚህ ዘንግ ላይ የሚገኘውን ጉልበት መመርመር ይገባል፤ ይኸውም ከሞተሩ ጉልበት ያነሰ ነው። በሥራ እንደ ታወቀው፣ ለአንድ ሜትር ስፋት 16 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልጋል፤ ቁጥቋጦው የበረታ እንደ ሆነ ግን 20 ቢሆን ይሻላል።

ዳሩ ግን በትራክተሩ መግለጫ የተጻፈው ጉልበት ለዝቅተኛ አገር የተሰላ ነው። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ቱርቦ ያለው የሚያጣው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዘንጉ ላይ 45 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው ቱርቦ የሌለው ትራክተር፣ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በሑመራ 42 ሲሰጥ፣ 2200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ደቡብ በሐና ማርያም 35፣ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን 32 ብቻ ይሰጣል። እንግዲህ ለበረታ ቁጥቋጦ በሑመራ የ2 ሜትር ማጨጃ የሚያዞረው ትራክተር፣ በሐና ማርያም ከ1 ሜትር ከ75 ሳንቲሜትር፣ በደብረ ብርሃንም ከ1 ሜትር ከ60 የሚበልጠውን ሊያዞር አይችልም።

ደግሞም ማጨጃው ከኋላ እግሮቹ የውጭ ስፋት ማነስ የለበትም፤ ቢያንስ ጎማው ያልታጨደውን ሣር ረግጦ ያስተኛዋል። ጉልበቱና የጎማው ስፋት ሳይስማሙ ቢቀሩ፣ የጎማውን ርቀት ማጥበብ ወይም ጉልበቱ የሚበልጥ ትራክተር መፈለግ ይገባል። ማጨጃው ከኋላ ተንጠልጥሎ ሲከብድም የፊተኛው እግር ስለሚቀል መሪው አይታዘዝም፤ ስለዚህ በፊት በኩል ክብደት ይጨመራል። በክረምትም ጥቁር አፈር ባለበት ሁሉ ከባድ መሣሪያ ስለሚሰምጥ መሬቱ እስኪጠነክር መታገሥ ይበጃል።

እንግዲህ ለወረዳው ወይም ለእርሻው ማጨጃ የሚገዛ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የዘንጉን ጉልበት፣ የአገሩን ከፍታና የኋላውን ጎማ ስፋት ጽፎ ለነጋዴው ሊያቀርብ ይገባዋል።