የአንዲት ዘለበት ጥበብ፤ ስለ ኪሮሽና ስለ ትንንሽ የበዓል ጌጦች

በየቤታችን ከሚገኙት የእጅ ሥራዎች ሁሉ የኪሮሽን ያህል ዘወትር ከፊታችን የሚዘረጋ፣ የኪሮሽንም ያህል ልብ ብሎ የሚመለከተው ያጣ ያለ አይመስለኝም። በሶፋው መደገፊያ ላይ፣ በቴሌቪዥኑ አናት፣ በረከቦቱ ላይ የምናገኘው ዳንቴል፣ ለበዓል ታጥቦና ተተኩሶ የሚነጠፍ፣ እንግዳው ግን ቡናውን ጠጥቶ እስኪሄድ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብሎ የማያየው ሥራ ነው። ጀማሪ የሆነ ሰው ሊሠራቸው የሚችሉትን ትንንሽ የበዓል ጌጦች ምክንያት አድርጌ፣ ይህን የተዘነጋ ጥበብ ከአንባቢ ጋር ላስተዋውቅ የተነሣሁት ስለዚህ ነው።

መሣሪያው ጫፉ የተቆለመመ አንድ መርፌ ነው፤ ከእርሱ ጋር ክርና መቀስ ከተገኘ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። አሠራሩም በአንዲት ዘለበት ውስጥ ሌላ ዘለበት መሳብ ነው፤ ይህንንም ማንኛይቱም ጎረቤት በአንድ የቡና ሥርዓት፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ታስተምራለችና በዚህ ላይ ቃል አላበዛም።

እዚህ እኔ በምኖርባት በአዋሽ አርባ፣ ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ ወደ ሚሌና ወደ ሰመራ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ቆላማ ከተማ፣ ኪሮሽ የሚሠራው በማለዳና ፀሐይ ከዞረች በኋላ ነው። በቀትር እጅ ስለሚያልብ ነጩ ክር ወዲያው ያድፋል፤ ብረቱም ከጣት ጋር ይጣበቃል። በከተማይቱ የጦር ሰፈር ስላለ፣ ከባሎቻቸው ጋር ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ የኖሩ እናቶች በየደጁ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲሠሩ አያለሁ፤ ይህ ሥራ ሸማኔ እንደሚሻው ጉድጓድና መወርወሪያ የማይጠይቅ፣ በአንዲት ፌስታል ተጠቅልሎ አገር ለአገር የሚጓዝ በመሆኑ ለእነርሱ ኑሮ እጅግ የተስማማ ነው። በአጠገባቸውም የአፋር ሴቶች ከዘምባባ ቅጠል ሰሌን ይሠራሉ፤ ተንቀሳቃሹ ቤታቸው የሚሸፈነው በዚሁ ሰሌን ሲሆን፣ ቤቱን የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። በአንድ ጥላ ሥር ሁለቱን ጥበቦች ጎን ለጎን ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

የጥጡም ነገር መነሣት ይገባዋል። ከጊንጪ አካባቢ ከሚገኙት ከፍተኛ ቦታዎች የሚመነጨው አዋሽ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እስኪቀር ድረስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ በመካከለኛውና በታችኛው ሸለቆ የሚያጠጣው ምድር የጥጥ አገር ነው። ከእኛ በስተ ሰሜን በመልካ ወረር የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል የታወቀው በጥጥ ነው፤ ከሰመራ አጠገብ በዱብቲና በተንዳሆም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሰፊ የጥጥ እርሻ አቋቁሞ ነበር። ስለዚህ የሸለቆው ልጅ ኪሮሽ ሲይዝ ከባዕድ ነገር ጋር አልተገናኘም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ሰዎች ዳንቴልን የሚንቁበት ትልቁ ምክንያት ማሽን የሠራው ስለሚመስላቸው ነው። አንድ ቀን በአዋሽ ሰባት ገበያ አንዲት እናት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ዘርግተው ሲሸጡ፣ አንድ ወጣት ዋጋውን ሰምቶ፣ «እማማ፣ ይኼ እኮ ማሽን በአሥር ደቂቃ የሚያወጣው ነው» አላቸው። እርሳቸውም ሳይቆጡ፣ «እንግዲያው ልጄ፣ ማሽኑን አሳየኝና እኔም ልግዛው፤ ዐይኔ ደክሟል» ብለው መለሱለት። ወጣቱ መልሱን እንደ ጨዋታ ቈጥሮት ሄደ። እኔ ግን እናቲቱ የተናገሩት ፍጹም እውነት መሆኑን፣ ያ ማሽን በገበያ ላይ ቢፈለግ የማይገኝ መሆኑን፣ ያን ዕለት ልነግረው የሚገባኝን ሁሉ እዚህ ላይ በሰፊው ልጽፈው ወደድሁ።

ሹራብን የሚሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ነው፤ ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1589 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሹራብ መሥሪያ መኪና አበጀ። መረብ የመሰለውንም ስስ ጨርቅ የሚሠራ መኪና ጆን ሂትኮት በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ አወጣ። ሽመናው፣ ስፌቱ፣ ጥልፉ፣ ሁሉም በየተራ ለሞተር ተገዙ። ኪሮሽ ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል ብቻውን ቀረ። በጀርመን አገር በቢሌፌልድ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በቅርብ ዓመታት ቀለል ያለውን የኪሮሽ ዐይን የሚሠራ መሣሪያ ለሙከራ አበጅተዋል፤ ሆኖም እውነተኛ የኪሮሽ ዳንቴል በመኪና ሠርቶ ለገበያ የሚያወጣ ፋብሪካ በዓለም ላይ የለም።

ስለ ምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ ምክንያቱ በአሠራሩ ጠባይ ውስጥ ነው። በሹራብ ሥራ በአንድ ረድፍ ያሉት ዘለበቶች ሁሉ፣ መቶም ይሁኑ ሁለት መቶ፣ ገና ያልተፈጸሙ ሆነው በመርፌው ላይ ተሰልፈው ይቈያሉ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘለበት አንድ መርፌ መድቦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ለመኪና የተመቸ ሥራ ነው። በኪሮሽ ግን በመርፌው ላይ በሕይወት ያለችው ዘለበት ብዙውን ጊዜ አንዲት ብቻ ናት። እርስዋ ሳትፈጸም ቀጣይቱ አትወለድም፤ እርስዋም የምትፈጸመው መርፌው አስቀድሞ በተሠራው አካል ውስጥ ተመልሶ ገብቶ፣ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ከቅርቡ ረድፍ ይሁን ከሥር ከሚገኘው፣ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልጎ ሲያገኝ ነው። ያ ቀዳዳ ደግሞ በክሩ ውፍረትና በእጅ ጥብቀት ልክ ቦታውን ይለውጣል። የሠሪዋ ግራ እጅ ሌባ ጣት ክሩን ሲያላላና ሲያጠብቅ፣ አውራ ጣትና መካከለኛው ጣት ሥራውን ይዘው ሲያዘነብሉት፣ መርፌው ቀዳዳውን የሚያገኘው በማየት ብቻ ሳይሆን በመዳሰስም ነው። ልምድ ያላት ሴት ከጎረቤትዋ ጋር እያወጋች፣ ወደ ሥራዋ ሳትመለከት ስትቀጥል አይተን እንደሆነ፣ ያየነው ነገር የብረት እጅ እስከ ዛሬ ያልደረሰበትን ጥበብ ነው።

በሱቅ ተሰቅሎ የምናየው፣ በሜትር እየተቈረጠ የሚሸጠው ጌጥ ታዲያ ምንድን ነው? ከሱ የሚበዛው ኪሮሽን እንዲመስል ተደርጎ በሹራብ መኪና ዘመዶች የተሠራ፣ ወይም በሚሟሟ ጨርቅ ላይ ተጠልፎ ጨርቁ ከሟሟ በኋላ ጥልፉ ብቻውን የቀረ ነው። ሁለቱን መለየት ለሚሻ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። ሥራውን ገልብጦ የመጨረሻይቱን ዘለበት ይፈልግ፤ እውነተኛ ዳንቴል ሠሪዋ ሥራዋን ያበቃችበት አንድ ቦታ አለውና። ያ ጫፍ ተፈትቶ ቢሳብ ዐይኖቹ አንድ በአንድ እየተፈቱ ያው አንድ ክር ይወጣል። በመኪና የተሠራው ግን ጠርዙ በተቈረጠበት ቦታ ሁሉ ብዙ የክር ጫፎች ጎን ለጎን ይታዩበታል፤ ተጠልፎ የቀረውም በቅርብ ሲያዩት ወዲያና ወዲህ የተመላለሱ ደቃቅ የስፌት ክሮች ክምር ነው። እንግዲህ አንባቢዬ በጉልት የተዘረጋ እውነተኛ ዳንቴል ሲያገኝ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ እያንዳንዱ ዐይን በሰው ጣት ያለፈ መሆኑን አውቆ ይከራከር። ዋጋውን በግማሽ ቈርጦ የሚጠይቅ ገዢ፣ የስንት ምሽት ድካም እየቈረጠ እንደሆነ ቢያስብ መልካም ነው።

ለጀማሪው ደግሞ ከሕግጋት ሁሉ በፊት የስድስትን ሕግ አስተምረዋለሁ። ክበብ ለመሥራት በመጀመሪያው ዙር 6 ዐይን፣ በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 24 እየተባለ በየዙሩ ስድስት ይጨመራል። ብዙ ሰው ይህን በቃል አጥንቶ ይሠራበታል እንጂ ምስጢሩን አይጠይቅም። የክበብ ግማሽ ስፋት በአንድ እርምጃ በጨመረ ቍጥር ዙሪያው በ6.28 እርምጃ ይረዝማል፤ የነጠላው ዐይን ቁመትና ስፋት ደግሞ የተቀራረቡ ስለሆኑ፣ አንድ ረድፍ ሲጨመር ስድስት ዐይን ይበቃዋል ማለት ነው። ቁመቱ እጥፍ በሆነው ረጅም ዐይን የሚሠራ ሰውም በየዙሩ አሥራ ሁለት የሚጨምረው በዚሁ ሒሳብ ነው። ከስድስት ያነሰ የጨመረ እንደሆነ ሥራው ጐድጕዶ ጽዋ ይሆናል፤ ያበዛ እንደሆነ ጠርዙ ይሸበሸባል። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ይህንኑ መሸብሸብ ሆን ብለው አብዝተው፣ ሊቃውንት በወረቀት ላይ ለማሳየት ይቸገሩበት የነበረውን ሃይፐርቦሊክ የተባለ ገጽ በኪሮሽ ሠርተው ተማሪዎቻቸው በእጃቸው እንዲዳስሱት አድርገዋል። እናቶቻችን የምንጣፋቸውን ጠርዝ ለጌጥ ሲያሸበሽቡ ኖረው፣ ጂኦሜትሪ እየሠሩ መሆናቸውን የነገራቸው አልነበረም።

ጀማሪው ትልቅ የአልጋ ልብስ ከመመኘት ይልቅ በትንሽ የበዓል ጌጥ ይጀምር። ለእንቍጣጣሽ አደይ አበባን እመርጣለሁ፤ በቢጫ ክር በቀለበት ላይ 8 ዐይን ተሠርቶ፣ ከእያንዳንዱ ዐይን አራት ዘለበት ሰንሰለት ወጥቶ፣ በዚያው ሰንሰለት ጀርባ ላይ ዐይን እየተሠራ ወደ ታች ሲመለስ አንድ ቅጠል ይሆናል። ለገና ኮከብ፣ ለመስቀል ትንሽ መስቀል ማበጀትም የሚከብድ አይደለም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ። በምዕራባውያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ የሚውለው ሃሎዊን፣ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ስደተኞች ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በቀድሞ አገራቸው የሥር ተክል ተቦርቡሮ መብራት ይገባበት የነበረው ቀርቶ፣ በአዲሱ አገር ዱባ የበዓሉ ምልክት ሆኗል። መናፍስትና አፅም የሚያስመስለውን ክፍል ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፤ ዱባው ግን የኛም የጓሯችን ፍሬ ነውና፣ ለአክስትና ለአያት ከዚህ የተሻለ የስጦታ ሥራ አላውቅም። በብርቱካን ቀለም ክር በስድስቱ ሕግ እስከ 30 ዐይን ይሰፋል፤ ሳይጨመር ስምንት ዙር ይወጣል፤ ከዚያም ሁለቱን ዐይን አንድ እያደረጉ በየዙሩ ስድስት ይቀነሳል። አፉ ከመዘጋቱ በፊት ጥጥ ይጠቀጠቅበታል። ቀጥሎ በረጅም መርፌ ክሩን ከታች ወደ ላይ በመካከሉ አሳልፎ፣ በውጭ በኩል አዙሮ እንደገና ከታች እያስገቡ ስድስት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ነው፤ ያን ጊዜ ድቡልቡሉ የዱባ ሽንትር ያወጣል። በአረንጓዴ ክር አጭር ግንድ ሲተከልበት ሥራው አለቀ።

አበባና ኮከብ እንዲቆም በስታርች ይነከራል። አንዳንዶች በስኳር ውኃ ይነክሩታል፤ ደጋ ለሚኖር ይሁን፣ በአዋሽ ሸለቆ ግን ጉንዳን ሳይጠሩት ይመጣልና አልመክርም። እርጥቡን በፍራሽ ላይ በስፒል ወጥሮ ጥላ ሥር ማድረቅ ነው፤ በዚህ ሙቀት ስታርቹ ለመድረቅ አይዘገይም። ፀሐይ ላይ አስጥተው ቢጫው ነጣ ብለው የሚያማርሩትን፣ ነጩንም በበረኪና ዘፍዝፈው ክሩን የሚያበሰብሱትን፣ በምስማር ሰቅለው ዐይኑን የሚቀዱትን ሰዎች ግን ደጋግሜ እወቅሳለሁ፤ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና፣ ያለ መጭመቅም በፎጣ ጠቅልሎ መጫን ይበቃል።

ሥራው ሲያልቅ ክሩን አስጠግቶ መቍረጥ የጀማሪ ሁሉ ጥድፊያ ነው። አንድ ስንዝር ያህል ተርፎ ይቈረጥ፤ ትርፉ በመጨረሻይቱ ዘለበት ውስጥ አልፎ ከጠበቀ በኋላ፣ በሥራው ጀርባ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ ይሸሸግ፤ ያለዚያ በመጀመሪያው አጠባ ሁሉም ይተረተራል። የእንቍጣጣሹን አበባ በሐምሌ መጨረሻ መጀመር ይሻላል። ሃሎዊን በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 21 ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ጥቅምት 20 ቀን ስለሚውል፣ ዱባውን ወደ አሜሪካ የሚልክ ሰው መስከረም ሳያልቅ ለመንገደኛ ይስጠው።