መዓዛ ያላቸውን የዛፍ ላይ ኦርኪዶች በቤት አጠገብ ስለ ማሳደግና ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት
(ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የልማት ሠራተኞችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት)

በአሮጌ ዛፎች፣ በተለይም በየደብሩ ቅጥር ውስጥ በቆሙ ዛፎች ላይ፣ ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ከቅርፊቱ ተጣብቆ ሲያድግ ይታያል። ብዙ ሰው «ተቀጽላ ነው፣ ዛፉን ያደርቀዋል» እያለ በገጀራ ይመለምለዋል። ተክሉ ኦርኪድ ከሆነ ይህ ስሕተት ነው። እውነተኛው ተቀጽላ ሥሩን ወደ ዛፉ እንጨት ሰድዶ ውሃና ምግቡን ይመጥጣል። ኦርኪድ ግን በቅርፊቱ ላይ ተደግፎ ከዝናብ፣ ከጤዛና በስንጥቁ ከሚከማቸው ብስባሽ ይኖራል እንጂ ከዛፉ አንዳች አይወስድም። መለያውም ቀላል ነው፤ የኦርኪድ ሥር በውጭ ይታያል፤ ሲደርቅ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል።

በአገራችን ከሚገኙት ባለመዓዛዎች መካከል ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የተባለው ይጠቀሳል። አበባው ነጭ ኮከብ መሰል ሆኖ ከኋላው ከ12 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ጅራት አለው። የአበባው ማር የሚገኘው በዚህ ጅራት ጫፍ ስለሆነ ሊደርስበት የሚችለው ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት ነው። መዓዛው የሚበረታውም ስለዚሁ ከመሸ በኋላ ነው። ቀን አሽትቶ «አይሸትም» የሚል ሰው ማታ ተመልሶ ይሞክር።

ለማሳደግ ሲፈለግ ተክሉን ከቆመ ዛፍ ላይ መንቀል አይገባም። በነፋስ ከወደቀ ወይም ለሌላ ሥራ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ይነሣ፤ ከደብር ግቢ ከሆነ ደግሞ የወደቀም ቢሆን ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ አይነካ። ከተቻለ ከነቅርፊቱ ተልጦ በጓሮ ባለ ወይራ ወይም ሌላ ሻካራ ቅርፊት ባለው ዛፍ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበትና ከቀትር በሚጠለልበት ጎን፣ በቃጫ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። ባሕር ዛፍ በየቤቱ ስላለ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ቅርፊቱን እየላጠ ስለሚጥል ሥሩ ሊይዝበት አይችልም። ዛፍ በሌለበት የከሰል ስብርባሪና የቅርፊት ቁራጭ የተሞላ፣ ውሃ የማያቁር ቅርጫት ይበቃል። አፈርና ፍግ ፈጽሞ አይጨመር፤ እኛም መጀመሪያ በአፈር ተክለን ሥሩ በስብሶብናል።

ውሃ በጠዋት ይረጫል፤ ሥሩ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ማርጠብ፣ ከዚያ ግራጫ እስኪሆን መተው ነው። በላይ ጋይንት ደጋ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ስለሚያሠጋ ቅርጫቱ ሌሊት ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይሰቀል። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ደግሞ ጥላና ርጥበት ይጨመርለት።

በክረምት በሜዳ ላይ የሚያብቡት የመሬት ኦርኪዶች ጉዳይ የተለየ ነው። ዘራቸው እንደ ትቢያ የደቀቀ ሆኖ ለመብቀል የአፈር ሻጋታ እርዳታ ይሻል፤ ተቆፍረው የተወሰዱትም አብዛኛውን ጊዜ አይጸድቁም። በቦታቸው ፎቶግራፍ ማንሣት ይሻላል።

ለፎቶግራፍ የእጅ ስልክ ይበቃል። ነጭ አበባ በቀትር ፀሐይ ሲነሣ ቅርጹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ወይም ደመና ባለበት ይነሣ። ከበስተጀርባው ጥቁር ጨርቅ ቢያዝ መልካም ነው። እጅግ መጠጋት ምስሉን ያደበዝዛል። አበባው ከፊት፣ ከዚያም ጅራቱ ከማስመሪያ ጋር ከጎን፣ ቅጠሉና ሥሩ፣ በመጨረሻም ዛፉ በሙሉ ይነሣ። የጎኑ ምስል ከሌለ ዝርያውን መለየት አስቸጋሪ ነው። መዓዛ በፎቶግራፍ አይያዝምና የተሸተተበት ሰዓት ይጻፍ። ለማነጻጸር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች የመስክ መመሪያ ይረዳል።

ከኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል «ይሸጣልን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቫኒላ ከኦርኪድ የሚገኝ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ሙቀትና ርጥበት የሚወድ ስለሆነ ለደጋችን አይሆንም። ከዱር ነቅሎ መሸጥን እኛ አንመክርም። ኦርኪዶች በሙሉ ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. በገባችበት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት የተካተቱ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስጠይቃል። ሰብሳቢ ነኝ የሚል እንግዳ ቢመጣም ዛፉ ያለበትን ቦታ አትንገሩት።

በፎቶግራፉ ጀርባ ወይም በመዝገብ ላይ ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የዛፉ ዓይነትና ከመሬት ያለው ከፍታ ይጻፍ። ዛፉ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት ባለቤቱን አነጋግራችሁ ኦርኪዱን የያዘው ቅርንጫፍ እንዲቀመጥላችሁ ጠይቁ።