የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ወንድን ያመክናል?

«በአይጥ ላይ ተሞክሮ የዘር ፍሬውን አጥፍቶታል፤ እንዳትውጠው!» ስለ አጥንት መሳሳት ክኒኖች፣ በተለይም ስለ ሪሰድሮኔት፣ እንዲህ ይባላል። ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን 16 ሚሊግራም ሪሰድሮኔት ለ13 ሳምንት የተሰጣቸው ወንድ አይጦች የዘር ፍሬያቸው ኮሰሰ። በኪሎ 8 ሚሊግራም የወሰዱ ወንድ ውሾች ላይ ደግሞ የዘር ሕዋሳቱ ሳይጎለምሱ ቀሩ። መጠኑና ጊዜው በጨመረ ቁጥርም ጉዳቱ ከፋ። ይህን አምራቹ ራሱ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ጽፎታል።

ስህተቱ መጠኑን መርሳት ላይ ነው። ለአጥንት መሳሳት በሳምንት የሚዋጠው 35 ሚሊግራም፣ በቀን ሲካፈል 5 ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ ከ0.1 ሚሊግራም በታች ማለት ነው። እርግጥ ኪሎን ከኪሎ ማወዳደር ብቻውን አያስተማምንም፤ ትንሽ እንስሳ መድኃኒትን ከሰውነቱ የሚያስወግደው ቶሎ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች በሰውነት ገጽ ስፋት ያሰላሉ። በዚህ ስሌትም የአይጦቹ መጠን ከሰው 30 እጥፍ፣ የውሾቹ ደግሞ 50 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። መግለጫው ላይ «5 እጥፍ» እና «8 እጥፍ» የሚለውን አንብበው የሚደነግጡ አሉ፤ ያ ንጽጽር የተሠራው ግን ፔጀት ለሚባለው ሌላ የአጥንት በሽታ ከሚታዘዘው የቀን 30 ሚሊግራም ጋር ነው። የሪሰድሮኔት ቤተሰብ የሆነው ሌላው የአጥንት መድኃኒት አለንድሮኔት ደግሞ በኪሎ እስከ 5 ሚሊግራም ተሰጥቶ የአይጦችን መራባት አልነካም።

«አይጥ ሌላ፣ ሰው ሌላ» ብሎ መናቅም ልክ አይደለም። እንስሳት ላይ ከፍተኛ መጠን የሚሞከረው የትኛው አካል ቀድሞ እንደሚጎዳ ለማወቅ ነው፤ ምልክቱ በሁለት ዝርያ ሲታይ ደግሞ ልብ ማለት ይገባል። ልጅ ለመውለድ ያሰበ ወጣት ገና ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። መድኃኒቶቹ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆዩ፣ ለጥቂት ሳምንታት ማቋረጥ አያጠራቸውም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን «ይህ የሴት በሽታ ነው» የሚለው ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ወንድ አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል። ለፕሮስቴት ካንሰር የሆርሞን ሕክምና የሚከታተልም እንዲሁ። ቴስቶስትሮን ያነሰው ሰው ደግሞ አጥንቱም ሊሳሳ፣ ወሲባዊ ፍላጎቱም ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ክኒኑን ሲጀምር ግን ጥፋቱ ሁሉ በክኒኑ ይላከካል። በሽታው የሴት ብቻ ስላልሆነም ሪሰድሮኔት በአሜሪካ ለወንዶች አጥንት መሳሳት ጭምር የተፈቀደ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በወሬ ተነሥተህ መድኃኒትህን አታቋርጥ። የዘር ጉዳይ ካሳሰበህ አትፈር፤ ሐኪምህን በግልጽ ጠይቅ፣ ቴስቶስትሮንህም ይለካ እንደሆነ አንሣለት።