አያቱ ጅብ ነበር ይባላል

ናሩቶን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ልጁ ገና ሲወለድ ዘጠኝ ጭራ ያለው ቀበሮ ሰውነቱ ውስጥ ታሸገበት። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ይሸሸዋል፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ከሱ ያርቃሉ። እሱ ግን ምን እንዳጠፋ እንኳ አያውቅም። ይህን በስልኬ ሳይ ትዝ ያለኝ ጃፓን አይደለም፤ ሐሙሲት ነው።

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደራ ወረዳ ከተማ ናት። አያቴ ማረሻ፣ ማጭድና ጀበና የምትገዛው ከዚያ ገበያ ነበር። ማረሻ የሚሸጥላትን ቀጥቃጭ በስሙ ታውቀዋለች፤ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ትጠይቀዋለች፤ ዋጋ ትከራከረዋለች። ቤቱ ገብታ ቡና ጠጥታ ግን አታውቅም። ለምን ስላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል» ትለኝ ነበር።

ቡዳ፣ እጀ ሰብ፣ ጠይብ። ስሙ ብዙ ነው፤ ወሬው ግን አንድ ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው በዓይኑ ይበላል፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብ ሆኖ ይወጣል። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ የጆሮ ጌጥ ያደረገ ጅብ ተገኘ እየተባለ የሚወራውን መዝግቧል። ሰውዬው ጅብ ሲሆን ጌጡን ማውለቅ ረስቶ ነው መሰለኝ!

ጃፓኖችም ኪትሱኔ የሚሏት ቀበሮ አለቻቸው። ቆንጆ ሴት ትሆናለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ሰው ላይም ትሰፍራለች። ኢዙሞ በሚባለው አካባቢ ግን ነገሩ ከተረት አለፈ። አንዳንድ ቤተሰቦች «ቀበሮ አላቸው» ተባሉ፤ ያ ስም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርሳል ተባለ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስም ከነሱ ጋር መጋባት ይፈራ ነበር። የጃፓን ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲያጠኑ፣ ስሙ ብዙ ጊዜ የተለጠፈው ከነባሮቹ ይልቅ ዘግይተው ሀብት ባፈሩ ቤተሰቦች ላይ ሆኖ አገኙት።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ይህን ሳነብ «ተረቱ ማንን ጠቀመ?» ብዬ ጠየቅኩ። እኛ ጋ መልሱ መሬት ነው። በጎንደር አገር መሬት የሚገኘው በርስት፣ ማለትም በዘር ነበር። ርስት የተከለከለ ሰው ምን ይሠራል? እሳትና አፈር ይዞ ይቀመጣል። ቤተ እስራኤሎች በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የታወቁት በዚህ መንገድ ነው፤ የጅብነቱም ስም ከማንም በላይ የተለጠፈው በነሱ ላይ ነበር። ገበሬው ያለ ቀጥቃጭ ማረሻ የለውም፤ ያለ ማረሻም ጤፍ የለም። ሰውየውን ትፈልገዋለህ፣ ግን ጎረቤትህ፣ አማችህ፣ የመሬት ተካፋይህ እንዲሆን አትፈልግም። ጅብ ካልከው በቃ፣ አለቀ። እጁን ትወስዳለህ፣ እሱን በር ላይ ትተወዋለህ።

ጥፋቱ የጅቡ እንዳልሆነ ለማወቅ ሐረርን ማየት ይበቃል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? ሐረር ላይ እያወቁትም አንጥፈውለታል። በጀጎል ግንብ መግቢያ ቀዳዳ ተትቶለታል፤ ማታ ማታ ሥጋ ያጎርሱታል፤ ቱሪስት ከፍሎ ያየዋል። የአሹራ ዕለት ደግሞ ገንፎ ይቀርብለትና አበላሉ የዓመቱ ምልክት ይሆናል። ጃፓንም እንዲሁ ነው፤ ኪዮቶ ባለው ፉሺሚ ኢናሪ ቤተ መቅደስ ያቺው ቀበሮ የሩዝና የብልጽግና አምላክ መልእክተኛ ናት። እንስሳው ያው ነው፤ የሚለየው ሰዎች በስሙ የሚያደርጉት ነገር ነው።

ደግሞ እኮ ያለንበት አገር የብረት አገር ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው ዐፄ ቴዎድሮስ በ1867 እ.ኤ.አ. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት። በመድፉ እንኮራለን፤ ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ግን ማዕድ አናስቀርብም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ሹክሹክታውን አላቆመም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤሎች በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ስንት የእጅ ሙያ አብሯቸው እንደሄደ አስቡት።

አሁን ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ባሕር ዳር ብየዳ ቤት አለው። በርና መስኮት ይሠራል፤ ከኔ ዲግሪ የተሻለ ገቢ አለው። ባለፈው ዓመት ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አንድ ቀን የልጅቷ ዘመድ ደወለልኝ። «ጠባዩ እንዴት ነው?» አለኝ። «ሸጋ ልጅ ነው» አልኩ። «ዘሩስ?» አለኝ። አያቱ ቀጥቃጭ እንደነበሩ አውቃለሁ። «አይ፣ እሱን እንኳ አላውቅም» አልኩ።

ጓደኛዬን የረዳሁት መስሎኝ ነበር። ግን «ታዲያ ቢሆንስ?» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ጥያቄው ተገቢ እንደሆነ አድርጌ መለስኩለት። ሰዎቹ ሌላ ጋ ጠይቀው ሰሙ፤ ጋብቻው ቀረ። ጓደኛዬ እስከዛሬ ምክንያቱን በግልጽ የነገረው ሰው የለም። ይህን ጽሑፍ ካነበበ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አገር ቤት ስሄድ አያቴን ጠየቅኳት።

«እናና፣ ያ ቀጥቃጭ ጅብ ሲሆን ዓይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔስ አላየሁም ልጄ። ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ማን አየ?»

ትንሽ አሰበች። «እንጃ። ያየ ሰውም አላጋጠመኝ።»

«የሸጠልሽ ማረሻስ?»

«እሱማ ይኸው አለ» አለችና በጓሮ በር አጠገብ የቆመውን ሞፈር አሳየችኝ።