የጥርጣሬ ምንጭና የመገናኛ ብዙኃን ኃላፊነት



በብሪታንያ በጋዜጠኞች ላይ ዘወትር የሚሰማው ክስ፣ ፖለቲከኛን ሁሉ በውሸታምነት እየጠረጠሩ ሕዝቡን ተስፋ አስቆረጡት የሚል ነው። ፈላስፋዋ ኦኖራ ኦኒል በ2002 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ባቀረቡት ዲስኩር፣ ዋናው ጉዳይ እምነትን በሚገባው ላይ መጣል መሆኑን አስረድተዋል። በእኛ ዘንድ ጥርጣሬው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ ምሳሌውን ለማግኘትም ከላንጋኖ መራቅ አያሻንም።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ሲተኩሱ ሕዝቡ ተረጋግጦ ብዙ ሰው ሞተ። መንግሥት መጀመሪያ 52፣ በኋላም 55 አለ፤ ተቃዋሚዎች በብዙ መቶዎች ቆጠሩ። በሰማዩ ያንዣበበው ሄሊኮፕተር በመንግሥት አነጋገር የመልካም ምኞት ወረቀት በታኝ፣ በውጭ አገር ባሉ አንዳንድ ተሟጋቾች አነጋገር ደግሞ ተኳሽ ነበር። ሁለቱንም ወገን ሞግቶ የሚታመን ብሔራዊ ጣቢያ አልነበረም። በቀጣዮቹ ቀናት ፋብሪካዎችና እርሻዎች ሲቃጠሉ፣ በዚሁ ሐይቅ ዳር የነበረው ቢሻንጋሪ ሎጅም ነደደ። ያነደደው ወሬ ብቻ ነው አልልም፤ የመሬትና የሥራ ቅሬታው ከዚያ በፊትም የቆየ ነው። ሆኖም ወሬውን ለማረም የሞከረ ሁሉ ቀድሞ የማይታመን ሆኖ ነበር።

የአስቸኳይ ጊዜው መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት ከለከለ። ጣቢያን መከልከል ለሌላው ጣቢያ ተዓማኒነት አይሰጥም። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በኦሮሚያ፣ በአማራና በደቡብ ክልሎች በነበረው ሁከት 669 ሰዎች መሞታቸውን ለምክር ቤቱ ያስታወቀው በሚያዝያ ወር ነው። በዚያን ጊዜ በየቤቱ ሌላ ቁጥር ሥር ሰድዶ ነበር።